ስድስተኛው ጠርሙስ

ወጣት ሳለሁ የምኮራበት ነገር ብዙ አልነበረኝም። መልኬ ተራ ነው፤ መዝፈን አልችልም፤ ኳስ ስንጫወት ሁልጊዜ በረኛ የሚያደርጉት እኔን ነበር። በምላሴ ግን እኮራ ነበር። ባሕር ዳር ተመድቤ ሥራ በጀመርሁ ሰሞን ባልደረቦቼ ሦስት ብርጭቆ ውሃ ጠረጴዛዬ ላይ ይደረድሩልኛል፤ አንዱ ከጣና የተቀዳ፣ አንዱ ከጉድጓድ፣ አንዱ ከቧንቧ። ዓይኔን ጨፍኜ ከእያንዳንዱ አንድ ጊዜ ተጎንጭቼ እለያቸዋለሁ። የሐይቁ ውሃ ደንገል ደንገል ይላል፤ የጉድጓዱ ጥርስ ላይ ይቀራል፤ የቧንቧው መድኃኒቱ ያስታውቃል። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም ነበር። ወሬው ከቢሮ አልፎ ከተማ ገባ።

ሥራዬ ሳኒቴሪያን ነበር። ሥጋ ቤቱን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ቡና ቤቱን እየዞርሁ ንጽሕናውን እቆጣጠራለሁ፤ ወተት ላይ ውሃ የሚጨምር ካለ እይዛለሁ። የከተማው ሰው ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ስለሚል እኔንም ዶክተር ይለኝ ነበር። አላርማቸውም ነበር።

ክረምቱ እንዳለፈ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአንዱ ቀበሌ ሊቀመንበር ቢሮዬ ገባ። ትከሻው ሰፊ፣ ካኪ የሚለብስ፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነበር። ቢጮህ ኖሮ ሰው ያን ያህል የሚፈራው አይመስለኝም።

«ሐይቁ ዳር ያለውን ቡና ቤት ታውቀዋለህ?» አለኝ።

«ያቺ ሴት ብቻዋን የምትይዘውን? ባለፈው ወር አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው።»

«ንጽሕናውን አይደለም የምልህ። ታታልለናለች። ከሥራ ስንወጣ እኔና ጓዶቼ እዚያ እንቀመጣለን። የመጀመሪያው ቢራ ቢራ ነው። ሁለተኛውም ደህና ነው። ከሦስተኛው በኋላ ግን የምታጠጣን ውሃ ነው። ባንኮኒው ላይ ከፍታ ነው የምታመጣው፤ እዚያ ምን እንደምታደርገው ማን ያያል? አንድ ቀን ቢሆን ዝም እል ነበር። ሁልጊዜ ነው። ጓዶቼም ሁሉ ይህንኑ ይላሉ።»

በዚያን ጊዜ ቢራ እንደልብ አይገኝም። በኮታ ነው የሚመጣው፤ በኮታ የሚመጣ ነገር ላይ ውሃ የጨመረ ሰው ደግሞ አታላይ ተብሎ ብቻ አይታለፍም፤ አሻጥረኛ ይባላል። ያ ቃል አንድ ሰው ላይ ከተለጠፈ በኋላ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀው ነበር። እኔም አውቅ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «ስለ ምላስህ ሰምቻለሁ» አለኝ፤ ከዚያ በኋላ ያሰብሁት ስለ ምላሴ ብቻ ነው።

የቅምሻ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሦስት ሰው። ሊቀመንበሩና እኔ ሁለት ነን። ሦስተኛው የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አባል የሆኑ አንድ ሽማግሌ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሐጂ እንላቸዋለን። ቢራ እንደማይቀምሱ ሁሉም ያውቃል። ሊቀመንበሩ የመረጣቸው ለፊርማቸው ነው። ሐጂ የፈረሙበትን ወረቀት በከተማው የሚጠራጠር ሰው አልነበረም።

በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሄድን። ቡና ቤቱ ደጅ ላይ፣ ዋርካው ሥር አራት ጠረጴዛ አለ፤ ፀሐይዋ ገና ውሃው ላይ ነበረች። ባለቤቷ አርባ ዓመት የሚሆናት፣ ሻሿን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋ የምታስር ሴት ናት። ባሏ ሹፌር ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን ነው የያዘችው። ለምን እንደመጣን ሊቀመንበሩ ሲነግራት ፊቷ ላይ የፍርሃት ምልክት አላየሁም። ይህንንም ያን ጊዜ እንደ ድፍረት ቆጠርሁባት።

«ስድስት ቢራ» አላት። «አንድ በአንድ። እንደምታደርጊው ሁሉ እዚያው ባንኮኒው ላይ እየከፈትሽ አምጪ።»

ሐጂ ወንበራቸውን አንሥተው ወደ ባንኮኒው አስጠግተው ተቀመጡ።

ሴትዮዋ ከቢራው በፊት በሰሐን የተቆረሰ ደረቅ ዳቦና አንድ ጆግ ውሃ አመጣች። «ዶክተር፣ ለቅምሻ ከሆነ በየመሃሉ ቆረስ ያድርጉ፤ ውሃም ይጎንጩበት» አለችኝ። «አለበለዚያ አፍ ይደክማል።»

ሊቀመንበሩ አየኝ። እኔም ፈገግ አልሁ። የቀደመውን ጣዕም ከአፌ አጥባ እንዳላነጻጽር ልታደርገኝ ነው ብዬ ነው ያሰብሁት። «አንሺው» አልኋት። አነሣችው።

የመጀመሪያው ጠርሙስ መጣ፤ ለሁለታችን ተቀዳ። ደህና ቢራ ነበር፤ የብቅሉ ሽታ አለ፣ ምሬቱ ምላስ ሥር ይይዛል። ደንቡ ስለሚያዝ ከእያንዳንዱ ጠርሙስ ትንሽ ትንሽ እየቀነስሁ በታጠቡ የመድኃኒት ብልቃጦች ጨመርሁ፤ ቁጥርም ጻፍሁባቸው። ሁለተኛውም ያው ነው። ከሦስተኛው በኋላ ሊቀመንበሩ የተጠበሰ ዓሣ አዘዘ፤ ዓሣው በሚጥሚጣ ቀልቶ ነው የመጣው። እያላበን በላነው።

አራተኛውን ስጎነጭ ብርጭቆውን ከአፌ አንሥቼ አየሁት። ምሬቱ የለም። ቀለሙ ያው ነው፤ አረፋው አለ፤ ጣዕሙ ግን ቀጥኗል። አምስተኛው የባሰ ሆነ። ስድስተኛውን ስቀምስ ውሃ ነው። ውሃ መሆኑን ለመማል ዝግጁ ነበርሁ። የገረመኝ የሴትዮዋ ልብ ነው፤ ሦስት ሰው ተቀምጦ እያያት፣ አንዱ መንግሥት የላከው፣ እንዴት ትደፍራለች አልሁ። እሷ ባንኮኒው ጋ ቆማ እጇን በመሐረብ ታብሳለች።

«ሐጂ፣ ምን ይላሉ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ስድስቱም ከአንድ ሣጥን ነው የወጡት» አሉ ሐጂ ቀስ ብለው። «ቆርኪያቸው ሲነሣ እኩል ነው የተነፈሱት። ከተከፈቱ በኋላም እጇን አላስገባችም። እያየሁ ነበር።»

«ቀድማ ከፍታ መልሳ ከድናው ይሆናላ። እርስዎ እንደሆነ አልቀመሱትም።»

«እሱን ነው የምልህ። ያልቀመስሁትን አልፈርምም። ያየሁትን ጻፉትና እሱን እፈርማለሁ።»

ሐጂ ያዩትን የጻፈ አልነበረም። ወረቀቱን የያዝሁት እኔ ነኝ። «ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ጠርሙስ ውሃ የተቀላቀለበት መሆኑን በቅምሻ አረጋግጫለሁ» ብዬ ጻፍሁ፤ ስሜን፣ ማዕረጌን፣ ፊርማዬን አስቀመጥሁ። ሊቀመንበሩ እጁን ሲያነሣ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች ከመንገዱ ማዶ መጡ። በሩ ታሸገ። ሴትዮዋን በመካከላቸው አድርገው ሲወስዷት በአጠገቤ አለፈችና፣ «ዶክተር፣ ሌላ ጊዜ ጠዋት ይምጡ» አለችኝ።

ጉቦ ልትሰጠኝ የፈለገች መሰለኝ። ሌሊቱን ደህና ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ገብቼ ብልቃጦቹን መስኮቱ ሥር ደረደርኋቸው። ሪፖርቱ ላይ ቁጥር ቢጨመርበት ያምራል ብዬ ነበር እንጂ የምጠራጠረው ነገር ኖሮ አይደለም። ወተት የምንለካበት የመስታወት ዘንግ አለ፤ ፈሳሹ ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃ በበዛበት ቁጥር ወደ ታች ይሰምጣል። አንደኛውን ብልቃጥ ጋዙ እስኪወጣ ድረስ አማስዬ ዘንጉን ከተትሁበትና የቆመበትን ምልክት ጻፍሁ። ከዚያ ስድስተኛውን። ዘንጉ እዚያው ምልክት ላይ ቆመ።

ያጠብሁት በደንብ አልደረቀም ብዬ አድርቄ ደገምሁ። ያው ነው። አራተኛውን ለካሁ፤ ያው። አምስተኛውን፤ ያው። ከሁለተኛው ብልቃጥ ከፍዬ በእጄ ውሃ ጨመርሁበትና ለካሁ፤ ዘንጉ ወዲያው ዝቅ አለ። መሣሪያው ደህና ነው ማለት ነው።

ከዚያ ያደረግሁትን ዛሬም አልረሳውም። ስድስተኛውን ብልቃጥ አንሥቼ ቀመስሁት። ቁርስ አልበላሁም ነበር። ጋዝ የሌለው፣ ያደረ ቢራ ነው፤ ምሬቱ ግን ሙሉውን መጥቶ ምላሴ ሥር ተቀመጠ። እንዲያውም ከንክኖኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ውሃ ነው ብዬ የፈረምሁበት ቢራ ነው ያ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥሁ። ሃያ አራት ዓመት አብሮኝ የኖረ ምላስ፣ ከሰው ሁሉ በላይ የማምነው፣ ዋሽቶኝ ነው። እንደዋሸኝም አልነገረኝም።

ሮጬ ቀበሌ ደረስሁ። ሊቀመንበሩ ሻይ እየጠጣ ነበር። የሆነውን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርሁት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ብርጭቆውን አስቀመጠና፣ «ወረቀትህ ዛሬ ማለዳ ለአውራጃ ተልኳል» አለኝ።

«እንግዲያስ ማስተካከያ ልጻፍ።»

«ምን ብለህ? የቀመሰው አንተ ነህ፣ የፈረመው አንተ ነህ። የዋሸኸው ትናንት ነው ወይስ ዛሬ? አንዱን ምረጥና ንገረኝ፤ ምክንያቱም አሻጥር ካለ አሻጥረኛ መኖር አለበት። ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም፤ እኔም ቀምሻለሁ። ውሃ ነው።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። ዋስ ልሁናት እንዳልለው ፈራሁ፤ ጥዬ እንዳልሄድ ደግሞ የብልቃጡ ምሬት ገና አፌ ውስጥ ነው። «ላያት እችላለሁ?» ብቻ አልሁ። ፈቀደልኝ።

ያሰሯት ከቀበሌው ጀርባ፣ ድሮ እህል ይቀመጥበት በነበረ ክፍል ነው። ሲሚንቶው ላይ ነጠላዋን አጥፋ ተቀምጣለች። አንድ ሌሊት ነው ያደረችው፤ ድምፅዋ ግን ጎርንኖ ነበር።

«ቢራው ደህና ነበር» አልኋት። «ዛሬ ጠዋት ለካሁት። እርስዎ ምንም አላደረጉም።» ትናንት አንቺ ያልኋትን ሴት አንቱ እያልሁ መሆኔን የሰማሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

እሷ ደግሞ ትናንት እርስዎ ስትለኝ የነበረችው ወደ አንተ ወርዳለች። «ይህን ለማወቅ መለካት ነበረብህ?» አለችኝ። «ጠላ የምትጠምቅ፣ ጠጅ የምትጥል ሴት ሁሉ የምታውቀው ነው። ሰው ሦስት ከጠጣ በኋላ አይቀምስም፤ ይጠጣል እንጂ። በዚያ ላይ ሚጥሚጣ በላችሁ። ዳቦውን ያመጣሁልህ ለምን ይመስልሃል? ጠዋት ና ያልሁህስ?»

«የሚያታልሉኝ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ዳቦውን ስታስነሣኝ ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ።»

ከዚያ ዞረች። ግድግዳውን እያየች ተቀመጠች፤ እኔም ወጣሁ።

በቀጥታ የሄድሁት ሐጂ ሱቅ ነው። አቡጀዲ እየለኩ ነበር። ደንበኛቸው እስኪወጣ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኋቸው። መቀሳቸውን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡም።

«ሰውየው ብትነግረው አይሰማህም» አሉኝ። «የራሱ ምላስ ይንገረው። ማስረጃው እንዲጠነክር ቅምሻው በሸንጎው ፊት ይደገም በለው። ደስ ብሎት ነው የሚቀበልህ። ቢራውን ግን ከእሷ ቤት አታምጣ። ከራሱ ከቀበሌው መደብር በደረሰኝ አውጣ። እኔ መጠጡን በእጄ አልነካውም፤ ደረሰኙን ግን እይዝልሃለሁ።»

እንዳሉትም ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት ተቀበለ። ቀጠሮው እስኪደርስ ሦስት ቀን አለፈ። በእነዚያ ቀናት ሐጂ ለእስረኛዋ ከቤታቸው ምሳ ያስልኩላት ነበር፤ የእስላም ሥጋ እንደማትበላ ስለሚያውቁ ሽሮና ጎመን ብቻ ነው የሚያስልኩት። እኔ አንድም ቀን ተመልሼ ልጠይቃት አልደፈርሁም።

በአራተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ሣጥኑ ጠረጴዛው ሥር ነው፤ ሊቀመንበሩ ከታሸገው ቡና ቤት የመጣ መስሎታል። ሐጂ በሩ አጠገብ፣ ሁለት የሸንጎ አባላት ከጎናቸው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ መክፈቻውን ከእጄ ወስዶ፣ «እኔው እከፍታለሁ፤ ማንም እንዳይነካው» አለ። ከዚህ የተሻለ ልጠይቀው የምችለው ነገር አልነበረም። የተጠበሰ ዓሣም አስመጣ፤ እንዳለፈው ይሁን አለ።

አንደኛውን ጠጣን። «ይህ ቢራ ነው» አለ። ሁለተኛውን ጠጣን፤ ራሱን ነቀነቀ። ከሦስተኛው በኋላ ዓሣውን በላን። አራተኛውን ሲጎነጭ ፊቱን አጨማደደ። አምስተኛውን ጠረጴዛው ላይ መልሶ አስቀመጠውና ወደ ሸንጎው ዞረ።

«ይኸውላችሁ። ውሃ ነው። ጻፉ።»

እኔ ብርጭቆዬን እንደያዝሁ ቀረሁ። ያን ቢራ ከመደብሩ ያወጣሁት በእጄ ነው። ያልተነካ መሆኑን አውቃለሁ፤ ቆርኪው ሲነሣ ሰምቻለሁ፤ ምላሴ እንደሚዋሸኝም አስቀድሜ አውቄ ነው የተቀመጥሁት። ሆኖም ስቀምሰው ውሃ ነው። አውቄም ውሃ ነው። የመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀላል ነበር። ባላውቅ ነው የተሳሳትሁት እያልሁ ሦስት ቀን ራሴን ሳጽናና ሰንብቼ ነበር፤ አሁን ግን እያወቅሁ እንኳ ያው ነው የምቀምሰው። ፈረንጅ የሠራው የመስታወት ዘንግ ባይኖር ኖሮ ያቺን ሴት ዕድሜ ልኬን ሌባ ነች እያልሁ እኖር ነበር፤ በቅን ልብ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አሉ ሐጂ። ከኪሳቸው ደረሰኙን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ይህ ቢራ ከቡና ቤቱ የመጣ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ከቀበሌው መደብር የወጣ ነው። ማኅተሙን ይዩት። ውሃ ነው ካሉ እንጽፋለን።»

ሊቀመንበሩ ደረሰኙን አነበበው፤ ገልብጦ ጀርባውን አየው፤ እንደገና አነበበው። ከዚያ እኔን አየኝ። ግንባሩ ላይ ላብ ቸፈፍ ብሎ ነበር። እንደ እኔው የደነገጠ ሰው ፊት ነው ያየሁት። እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም።

«እንዴት?» አለኝ።

ደረቅ ዳቦና ውሃ አስመጣሁ። አፋችንን ተጉመጠመጥን፤ ዳቦውን በላን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም ሳንቀምስ ተቀመጥን። ከዚያ ያንኑ የተረፈውን አምስተኛ ብርጭቆ አነሣ። ተጎነጨው። አልዋጠውም፤ አፉ ውስጥ ይዞት ብዙ ቆየ። ሲውጠው የጉሮሮው እንቅስቃሴ ታየኝ።

«መራራ ነው» አለ።

በማግስቱ ተፈታች። በሊቀመንበሩ ደብዳቤ ላይ የተጻፈው ምክንያት «በተደረገው ተጨማሪ ማጣራት» የሚል ብቻ ነበር። ቅምሻውን ያስጀመረው ማን እንደሆነ የሚናገር መስመር አልነበረበትም። እኔ ለአውራጃው ሌላ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የመጀመሪያው ወረቀት ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም የእኔ መሆኑን። ይህን ስጽፍ ጀግና የሆንሁ እንዳይመስል፤ ሁለት ጊዜ ቀድጄው በሦስተኛው ነው የላክሁት። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የአንድ ዓመት የደረጃ ዕድገቴም ተያዘ። ከዚያ የከፋ ስጠብቅ ነበር።

ቤቷ ሄድሁ። የበሩ ማሸጊያ ተነሥቷል። ውስጡ ግን ባዶ ነው፤ ለማስረጃ ተብሎ የተወሰደው ቢራ ሁሉ በዚያ ሳምንት ተጠጥቶ አልቆ ነበር። ባንኮኒውን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወለች አገኘኋት።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አልሁ።

ጨርቁን ጨመቀችው። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «ያን ዕለት እንዲህ ነው ብዬ ብነግርህ ኖሮ ታምነኝ ነበር?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትሁ። ግን አላልሁም። «አላምንዎትም ነበር» አልኋት።

«እውነቱን ስለነገርኸኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝና ወደ መወልወሏ ተመለሰች። ይቅር አልሁህ አላለችኝም። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ። ከወር በኋላ ቤቱን ለቃ ወደ እኅቷ አገር እንደሄደች ሰማሁ።

ሊቀመንበሩም ብዙ አልቆየም፤ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። እስኪሄድ ድረስ መንገድ ላይ ስንገናኝ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ያልፈኛል እንጂ ቆሞ አያናግረኝም። ባልደረቦቼ አንድ ሁለት ጊዜ ሦስቱን የውሃ ብርጭቆ አምጥተው ደረደሩልኝ። ጉንፋን ይዞኛል እያልሁ አሳለፍሁት፤ በኋላ ተዉት።

ከስድስት ሰባት ዓመት በኋላ ለስብሰባ ወደ ጎንደር ስሄድ አውቶቡሱ ማክሰኝት ላይ ለምሳ ቆመ። ከመንገዱ ዳር ያለች አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ቀና ስል እሷ ናት። ጠጉሯ ከሻሿ ሥር ሸብቷል። ወዲያው ዐወቀችኝ።

«ተቀመጥ» አለችኝ። ሻይ ቀዳችልኝ። ባሕር ዳር ዝናቡ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ቤቱን ማን እንደያዘው ጠየቀችኝ፤ ነገርኋት። ከዚያ፣ «ሐጂ ደህና ናቸው?» አለች።

«አርፈዋል» አልኋት። «ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

የያዘችውን ትሪ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሌሎች ተሳፋሪዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እሷ አልተነሣችም። ሹፌሩ ጥሩንባውን ሲነፋ ተነሣሁ፤ እስከ በሩ ድረስ ሸኘችኝ።